አንድ ጥርስ ያለፈ ካቴና

ኅዳር 4

ለብሎኔ፤

ጤናሽን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ አያቱን ሲወቅስ የዋለ ሰው ጤነኛ ለመሆኑ ምስክር አያሻውም። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል፤ ጎረቤቴ መምህርቷ ደግሞ አጥር ላይ ያጉረመርማሉ። ከሁለቱ ጉልበቴ ይሻላል፤ ቁጭ ስል ዝም ይላል።

ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሾፌር እደጅ ድረስ አመጣልኝ። «ልጅቷ ስልክ የማይሰማበት ቦታ ሄዳ እኔን ፖስተኛ አደረገችኝ» ብሎ ተነጫነጨ። «ታድለህ፤ እኔን ተከሳሽ ነው ያደረገችኝ» አልኩት።

አዎ፣ ከመሄድሽ በፊት በነበረው ሳምንት ሞተር ሳይክሉን የፈታሁት እኔ ነኝ። ያጠብኩት እኔ፣ አዲስ የውስጥ ካቴና ያስገባሁለት እኔ፣ መልሼ የዘጋሁትም እኔ። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። ስለዚህ «አባባ፣ የረሱት ነገር ይኖር ይሆን?» የሚለውን መስመርሽን እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።

ጠዋት ሃያ ጊዜ ካልተረገጠ አይነሳም አልሽ። ሜዳው ላይ እንደምንም ይሄዳል፤ ዳገት ሲያይ ግን በካርቡራተሩ ያስነጥሳል፣ በጭስ መውጫው፣ በማርሚታው፣ ይተኩሳል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ይህ በሽታ ሳይሆን ምግብ አለመስማማት ነው። እዚያ ነዳጅ የምትገዢው ከበርሜል ነው፤ በርሜል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ታንከሩን አራግፊውና ንጹሕ ሙይበት። እሳት ሰጪውን ካንዴላም ቀይሪው።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሦስት ወር ሙከራሽ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ እስከዚያ ክትባቱን በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ላይኞቹ መንደሮች ካላደረስሽ የእንስሳት ሐኪምነቱን ቦታ ለሌላ ይሰጡታል። አምስት ዓመት የተማርሽው ለዚያ ቦታ ነው። እኔ የገጠምኩት ሞተር አያሳፍርሽም።

ፊደልዎ ለምን ይህን ያህል ገዘፈ ብለሻል። ወረቀት ስለተረፈኝ ነው።

አያትሽ


ኅዳር 15

ለብሎኔ፤

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ «ገና ነው» አልኩት። ሽማግሌ ሥራ አይበዛበትም ያለሽ ማነው?

የደብዳቤሽን ሁለተኛ ገጽ አላነበቡትም ወይ ብለሽ ተቆጥተሻል። በእርሳስ ጽፈሽ እኔን ትቆጫለሽ? በእርሳስ የሚጽፈው የሚሰርዘው ነገር ያለው ሰው ነው። ከአሁን በኋላ በጥቁር ቀለም ጻፊ፣ ፊደሉንም እንደ ሰው አርዝሚው። አሁን ግን አንብቤዋለሁ፤ ሁሉም ገብቶኛል።

ነዳጁ ተቀይሮ ለውጥ የለም። ካንዴላው ተቀይሮ ለውጥ የለም። እሳቱስ? ሰማያዊ ሆኖ ይፈነጥቃል ብለሻል፤ ስለዚህ እሳቱን ተይው። ስትረግጪው እግርሽን መልሶ ከገፋ የፒስተኑ ቀለበቶች ደህና ናቸው፤ እነሱንም ተያቸው። ዳገቱ እኩሌታ ላይ የማርሚታው አንገት እስኪቀላ መጋሉን ግን አልወደድኩትም።

ካርቡራተሩን አውርጂ። ከሥሩ ያለችውን ቀዳዳ ከመርፌ በምትቀጥን ሽቦ ሳይሆን በትንፋሽሽ አጽጂያት፤ ሽቦ ያሰፋታል። ትንፋሽ እንደማያንስሽ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ጥያቄሽ ልምጣ። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ጭንቅላት፣ ከፍቼ ልየው ብለሻል። አይሆንም። እዚያ ውስጥ ያለው ሥራ የእኔ ነው። ካምሻፍቱ ቫልቮቹን በሰዓቱ ይከፍታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል፤ ያን ሰዓት የሞላሁት በእነዚህ ጣቶች ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፣ ብሎኔ። ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ሳያልቅ አጥሬን አትነቅንቂ።

መምህርቷ ሰላም ብለውሻል። እሳቸው ለምን ሰላም እንደሚሉሽ አትጠይቂኝ፤ ደብዳቤ ስጽፍ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጣሉ።

አያት


ኅዳር 24

ለአባባ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ በሥጋ ደህና ነኝ።

ካርቡራተሩን አውርጄ እንዳሉኝ በትንፋሽ አጸዳሁት፤ አፌ እስከ ማታ ቤንዚን ቤንዚን ሲለኝ ዋለ። በማግሥቱ ወደ ላይ ወጣሁ። ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ የሳልኩልዎት ጠመዝማዛ መንገድ ትዝ ካለዎት ሦስተኛው እጥፋት ላይ ቆመ። እዚያው ፀሐይ ላይ እስኪበርድ ጠበቅሁት፤ ሲነሳ እንደገና አስነጠሰ። ሣጥኑን ስከፍት በረዶው ውኃ ሆኗል። ስልሳ ሰው ከብቱን ከጠዋት ጀምሮ አስሮ ይጠብቀኝ ነበር፤ እኔ ክትባቱን ደፍቼ ሞተሩን እየገፋሁ ወረድኩ። ስወርድ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ለሞተሩም መርፌ ውጊው» አሉኝ። እርስዎን የመሰሉ ናቸው።

አለቃዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ጊዜ በሰላም ደርሰሽ ተመለሺ፤ ያኔ እፈርምልሻለሁ። ካልሆነ ግን እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች የሚያምኑትን ሰው ልፈልግላቸው ግዴታዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ነዳጁ አይደለም። እሳቱ አይደለም። ቀለበቱ አይደለም። ካርቡራተሩም አይደለም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የሆነበት። አባባ፣ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሳይፈቅዱልኝ አልከፍተውም። ግን እባክዎን ይፍቀዱልኝ፣ እንዴት እንደሚታይም ያስተምሩኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለፈው ደብዳቤዎ ላይ አራተኛው መስመር አምስተኛው ላይ ተጽፏል። ስምዎም ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሳይቀር አልቀረም፤ «አያት» ብቻ ነው የደረሰኝ። የእኔን ደብዳቤ የሚያነብልዎት ማን ነው?

ልጅዎ


ታኅሣሥ 1

ለብሎኔ፤

ጽሕፈቱ ማማሩን አትዪ፤ የእኔ አይደለም። ቀኝ እጄን በር ስለቆነጠጠኝ መምህርቷ ናቸው የሚጽፉልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ያሳምራሉ። (ጸሐፊዋ፦ በር አልቆነጠጣቸውም።) እንዳየሽው የራሳቸውንም ያስገባሉ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ስለ አጥሩ የጻፍኩልሽን አንሥቻለሁ። ስልሳ ሰው ከብቱን አስሮ እየጠበቀሽ እኔ ክብሬን አስሬ ብጠብቅ ደግ አይሆንም። ከፍተሽ እዪው። እኔ ግን አሁንም እልሻለሁ፣ ልክ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ያን ቀን ቁጭ ብለሽ የይቅርታ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ፣ በቀለም።

አሁን ስሚኝ። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ካንዴላውን ፍቺ። በግራ ጎኑ ሁለት ክዳኖች አሉ፣ ሁለቱንም በካቻቢቴ ክፈቺ። በትልቁ ቀዳዳ ቁልፍ አስገብተሽ ሞተሩን በእጅሽ ታዞሪያለሽ፤ በትንሿ መስኮት ደግሞ አብሮ የሚሽከረከረውን ከባድ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ታያለሽ። ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ አዙሪ። ካለፈሽ ወደ ኋላ አትመልሺ፣ ዙሩን እንደገና ጀምሪ፤ ወደ ኋላ ከመለስሽው ካቴናው ይላላና ይዋሽሻል።

ቮላኖው ላይ ሁለት መስመሮች ተቀርጸዋል። ቀድሞ የሚመጣው «ኤፍ» የሚል ፊደል አለበት፤ እሳቱ የሚፈነጥቅበት ነው። እሱን አሳልፊው። ተከትሎት የሚመጣው «ቲ» ነው፤ ፒስተኑ ጫፍ ላይ የሚደርስበት። ቲ መስኮቷ መሐል ሲቆም አንቺም ቁሚ። (ጸሐፊዋ፦ እዚህ ላይ ስለ ኤፍ ያስጻፉኝን መልሰው አስነበቡኝ። ደከመዎት ወይ ብላቸው «ይጻፉ» አሉኝ።)

ከዚያ ቫልቮቹን የሚገፉትን ሁለት ትናንሽ ክንዶች በጣትሽ ነቅነቅ አድርጊ። ሁለቱም ጥቂት ከተንቀጫቀጩ ትክክለኛው ዙር ላይ ነሽ፤ ካልሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሪ። አሁን የቴስታታውን ክብ ክዳን ክፈቺ። ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ጥርሳም ክብ አለ፣ ካቴናው የሚጠመጠምበት። እሱ ላይ ያለው መስመር ቴስታታው ላይ ካለው ጭረት ፊት ለፊት መቆም አለበት። ከቆመ ዝጊው። ካልቆመ ስንት ጥርስ እንደሳተ ቁጠሪ፤ የካቴናውን መወጠሪያ አላልተሽ፣ ጥርሳሙን ክብ ፈትተሽ መልሺው። ካቴናው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ በሽቦ እሰሪው፤ ከወደቀ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብሻል። ሳትዘጊው በፊት ሁለት ሙሉ ዙር በእጅሽ አዙሪና የሚነካካ ነገር እንደሌለ ጆሮሽን ጣይ።

እኔ አጠገብሽ ባልቆምኩበት አንዳች ነገር ይገጥመኛል ብለሽ እንዳትፈሪ። እጅሽ የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ።

አያትሽ፣ በመምህርቷ እጅ


ታኅሣሥ 11

ለአባባ፤

ሰላም ነዎት? ለመምህርቷም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ከደብዳቤው ጋር አጥፈው ስለላኩልኝ ትንሽ ወረቀትም አመሰግናቸዋለሁ።

ተነሳ አባባ። በሁለተኛው ርግጫ ተነሳ። ድምፁ ሌላ ሆኖ ጎረቤቶቼ አዲስ የገዛሁ መሰላቸው። ትናንት ያለ ሣጥን እስከ ጫፍ ወጥቼበት ተመለስኩ፤ ሦስተኛውን እጥፋት ሳልፍ ራሴን ሳላውቀው ስዘፍን ነበር። የማርሚታው አንገት አልቀላም። አንድ ጊዜም አላስነጠሰም። እውነተኛው ፈተና ታኅሣሥ 28 ነው፣ አለቃዬ ራሱ ከኋላዬ ተቀምጦ ሣጥኑን ይዞ ይመጣል። አለቃዬ ቀላል ሰው አይደለም፤ ክብደቱን ማለቴ ነው።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። ቲ ላይ ሳቆመው ክቡ ላይ ያለው መስመር ከጭረቱ አንድ ጥርስ ቀድሞ አልፏል። አንድ ብቻ። እንዳሉኝ በሽቦ አስሬ መለስኩት፣ ሁለት ዙር በእጄ አዞርኩ፣ ዘጋሁት።

የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ካቴናው ረዝሞ ነው። አጥብቄ አይቼዋለሁ፤ ተሳስቶ የተገጠመ ነገር የለም። ዘንድሮ የሚመጡት ካቴናዎች ጥራት የላቸውም ይላሉ እዚህ ያሉ ሰዎችም። ስለዚህ የይቅርታ ደብዳቤዬን እነሆ በጥቁር ቀለም፦ ስለጠረጠርኩዎት ይቅርታ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 17

ለብሎኔ፤

ደስታዬን መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ኋላ እጣላሻለሁ። መምህርቷ «ተነሳ አባባ» የሚለውን ሲያነቡልኝ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «እንደገና ያንብቡት» አልኳቸው። አነበቡት። «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ» ስላቸው «የተማሪ ንባብ አደረጉት እኮ» ብለው ሣቁ።

አሁን ወደ ጠቡ። ውሸት ክፉ አይደለም፤ ለሽማግሌ የሚዋሽ ልጅ ደግሞ የተባረከ ነው። ግን ስትዋሺ በሙያ ዋሺ። ሦስት ወር ያልሞላው አዲስ ካቴና ይረዝማል ብለሽ ለማን ነው የምትነግሪው? ቢረዝም እንኳ ካምሻፍቱን ወደ ኋላ ያስቀረዋል እንጂ ወደ ፊት አያስቀድመውም፤ አንቺ ደግሞ በገዛ እጅሽ «ቀድሞ አልፏል» ብለሽ ጽፈሻል። ሦስተኛ፣ ካቴና ጥርስ ቆጥሮ አይረዝምም። እኩል አንድ ጥርስ የሚስተው የሰው እጅ ብቻ ነው። አንቺ ሞተሩን ካየሽው ይልቅ እኔ ውሸትሽን አጥርቼ አየሁት።

ያንን ትንሽ ወረቀት በተመለከተ፣ ምን ጽፈው እንደላኩልሽ መምህርቷን ጠየቅኋቸው። «የፊደል ግድፈት ማረሚያ ነው» አሉ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሴት እንደዚህ እየታወቀባቸው ሲዋሹ መስማት ያሳዝናል። ስለዚህ እሳቸው የነገሩሽን እኔም ልንገርሽ፤ ከእኔ አፍ ይሻላል።

ከመሄድሽ በፊት በነበረው ሳምንት በሞተሩ ትንሿ መስኮት ሳይ አንድ መስመር መጣ። መስመሩን አየሁት፤ አጠገቡ ያለው ፊደል ግን በሳሙና በታጠበ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ነጭ ጉም ነበር። ቆምኩበት። ቀድሞ የሚመጣው ኤፍ መሆኑን አርባ ዓመት ሳውቀው ኖሬ፣ ላንቺም በቃሌ ሳስጽፍልሽ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም፤ ያን ቀን ግን መጀመሪያ የመጣውን ቲ አልኩት። በኤፍ ላይ ብትሞክሪው መስመሩ ከጭረቱ ጋር ሊገጥም ጥቂት ነው የሚጎድለው። ለደህና ዓይን ያ ጥቂት ብዙ ነው። ለእኔ «ደህና ነው» ሆነ።

ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ መነጽሩ ቆሽሾ መሰለኝ። ቀጥሎ አምፖሉ ደከመ አልኩ። ከዚያ በኋላ ዓለሙን ሁሉ ከስሼ ጨረስኩ፣ አንቺን ካርቡራተሩን እንዳስከሰስኩሽ። ሐኪም ጋ ያልሄድኩት ስለፈራሁ ነው። የሰው ሞተር ሲከፈት ከአጠገቡ ቆሜ ኖሬያለሁ፤ የራሴ ነገር ተከፍቶ እኔ ጋደም ማለት ግን አልሆነልኝም።

ይኸው ነው። ከእንግዲህ የሰው ሞተር አልነካም፤ መሣሪያዬን ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። አንቺ ግን 28ን አስቢ። ሰውዬው ከባድ ከሆነ የኋላውን ጎማ ትንሽ ንፊው።

አያትሽ
(ጸሐፊዋ፦ የዓይናቸውን ነገር ሲያስጽፉኝ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀለዱብኝም። ስለዚህ ሠጋሁ።)


ታኅሣሥ 29

ለአባባ፤

ፈረመ። ሌላውን ሁሉ በኋላ እነግርዎታለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጫፍ ደረስን፤ ሣጥኑን ስንከፍተው በረዶው እንደ ድንጋይ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ከብት ከተብን። ስንመለስ አለቃዬ «ሞተሩን ማን ነው የሠራልሽ?» አለኝ። «አያቴና እኔ» አልኩት። «ጥሩ እጅ ነው» አለ። የማን እጅ እንደሆነ አላጣራሁም።

አሁን በተራዬ ልቆጣ። ስለ አንዱ ጥርስ አልተቀየምኩም፤ ጥርሱን በአንድ ጠዋት መለስኩት። ስለ ሁለቱ ዓመት ግን ተቀይሜያለሁ። እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ አባባ። ቁልፍ «አቀብዪኝ» እያሉ በእጅዎ ይዳብሱ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ፤ ያኔ ሊያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ሁልጊዜ ስለሚቀልዱ ሰው ሲጨነቁ አያውቅብዎትም። ይህ መልካም ጠባይ አይደለም፤ ይቅርታ ይደረግልኝና።

ከተማ ወርጄ ሆስፒታል ውስጥ የዓይን ሐኪሟን አነጋገርኳት። እንደነገርኳት ከሆነ የዓይን ሞራ ነው አለችኝ፤ እርግጠኛ የምትሆነው ግን ስታይ ነው። ሞራ ከሆነ አንዱን ዓይን በአንድ ጠዋት ትሠራዋለች፣ በዚያው ቀን ቤትዎ ይገባሉ። ከእንስሳት ወደ ሰው ተርጉሜ ሁሉንም ጠይቄያታለሁ።

የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥተውኛል። ጥር 12 በሾፌሩ አውቶቡስ እመጣለሁ። ጥር 13 አብረን እንሄዳለን፣ ሲከፈት ከአጠገብዎ እቆማለሁ። አልሄድም የሚል ደብዳቤ ላስጽፍ ቢሉ መምህርቷ እንዳይጽፉት ተስማምተናል።

ልጅዎ


የካቲት 6

ለብሎኔ፤

ይህን እኔው ነኝ የምጽፈው፣ በአንድ ዓይን። ሁለተኛው ወረፋ ይዟል። ሐኪሟ «ለጊዜው ደቃቅ ሥራ አይሥሩ» ብላኛለች፤ ደብዳቤ ደቃቅ ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሳልጠይቃት ወጣሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ያየሁትን ልንገርሽ። የቤቴ ግድግዳ ቢጫ ነው፤ ነጭ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ሾፌሩ ሸብቷል። መምህርቷ ደግሞ ሲነጫነጩ ፈገግ ይላሉ ለካ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ብቻ ሰምቼ እውነት እየመሰለኝ መልስ ስሰጣቸው ከርሜያለሁ። ይህን ስነግራቸው «አሁን ደግሞ ያፈጡብኝ ጀመር?» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሻይ ይዘው ተመለሱ።

አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር አለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያንቺን ብቻ አልነበረም የገጠምኩት። የዳቦ ጋጋሪውን ሞተር ዘግቻለሁ፣ የሾፌሩን ወንድም ዘግቻለሁ፣ የመምህርቷን የእህት ልጅ ዘግቻለሁ። ወንድምየውን አይደለም፣ ሞተሩን። ፋሻው በተነሳልኝ በሳምንቱ መጀመሪያ ያሰብኩት እነሱን ነው። ሐኪሟ የከለከለችኝ መሥራትን ነው፤ ማየትን አይደለም። ሄጄ ለጋጋሪው «ሳላይ ነው የገጠምኩልህ፣ ልክፈተው» አልኩት። ዱቄት የነካው እጁን ጨብጦ አየኝ። «ሳታይ?» አለ። «ሳላይ» አልኩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ ስመላልስበት?» አለ። ቁልፉን ራሱ አቀበለኝና አጠገቤ ተንበርክኮ ተመለከተ።

ከፈትኩት። ቲ ላይ አቆምኩት፤ ፊደሏን በደንብ አየኋት፣ ትንሽ ዝጋለች እንጂ አለች። መስመሩ ጭረቱ ላይ ቆሟል። የፀጉር ያህል አልሳተም።

የሾፌሩን ወንድም ከፈትኩት። ልክ ነው። የእህቲቱን ልጅ ከፈትኩት። ልክ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተቀምጬ አሰብኩ። ሦስቱንም የገጠምኳቸው በዚያው በጉም ዓይን ነበር፤ ታዲያ እነሱ ልክ ሆነው ያንቺ ብቻ ለምን ሳተ?

ለካ የእነሱን ስገጥም ፊደሉን አላምነውም ነበር። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን እንጨት እጨምራለሁ፤ ፒስተኑ ከፍ ሲል እንጨቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ጫፍ ሲደርስ እንጨቱ ይቆማል። ጫፉን በጣቴ ነው የማገኘው። ዓይን አያስፈልገውም፣ ትዕግሥት ብቻ። ያንቺን ግን እንጨት አልጨመርኩበትም።

ያን ቀን እኔ ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ አንቺ ክፍልሽ ውስጥ ዕቃሽን ታስሪ ነበር። የምትወስጂውንና የምትተዪውን ለብቻሽ ስትከራከሪ በመስኮቱ እሰማሻለሁ። ሹራቡን ወሰድሽው፣ መልሰሽ አወጣሽው፣ እንደገና ወሰድሽው። ከዚያ «አባባ፣ አለቀ ወይ?» አልሽኝ። መስመር ሲመጣ አየሁ። «አልቋል» አልኩሽ።

ለመምህርቷ ይህን ስነግራቸው «እንዳትሄድብዎ ፈልገው ነው» አሉኝ። ተቆጣኋቸው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው ሆን ብሎ የሰው ሞተር አያበላሽም፣ ያውም ያንቺን፣ ያውም ለዚያ ዳገት። ይህን በአዲሱ ዓይኔ እምልልሻለሁ፤ ሆን ብዬ አላደረግሁትም።

ለእጄ ግን አልምልለትም። እሱ ያን ቀን ምን አስቦ እንደነበር እኔም ጠይቄው አልነገረኝም።

አያትሽ